ወባ ሊደብቀው ያልቻለው ብረት

ሰቆጣ ያደገ ሰው ይህን ጨዋታ ያውቀዋል። የተበላሸ ሬዲዮ ይፈታል፤ ከድምፅ ማጉያው ጀርባ ክቡ ጥቁር ማግኔት ይወጣል፤ በሲባጎ ይታሰርና በደረቀ ወንዝ አሸዋ ላይ ይጎተታል። ትንሽ ቆይቶ ማግኔቱ ጺም ያበቅላል። ነጩንና ቀዩን አሸዋ እየተወ ጥቁር ጥቁሩን ብቻ መርጦ ይለቅማል። ያንን ጥቁር ዱቄት ወረቀት ላይ ነስንሰን፣ ማግኔቱን ከሥር እያንቀሳቀስን «ወታደር» እናሰልፍ ነበር። ከተራራው ድንጋይ ተፍቆ በጎርፍ የወረደ ብረት መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ስለ ሰቆጣ የብረት ማዕድን በሬዲዮ በሰማሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ያ ሲባጎ ነው።

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ማግኔት ነው። ከአሸዋ ስለሚለቅመው ሳይሆን ከደም ስለሚለቅመው ጥቁር ነገር። ነገሩ ረዘም ይላል፤ ቡና አስፈልታችሁ አንብቡት።

ዋግ ባመዛኙ ሁለት ሀገር ናት። አንደኛዋ ሰቆጣ፣ ደሃና፣ ጋዝጊብላ እያለች ላይ ተሰቅላለች። ሌላኛዋ በአበርገሌ፣ በዝቋላ፣ በሳህላ አድርጋ ተከዜ ትወርዳለች። የላይኛው ሰው የታችኛውን ሀገር ሲፈራ ነው የኖረው። አውሬውንም ሙቀቱንም አይደለም የሚፈራው፤ ንዳዱን ነው። አባቶቻችን ለእህልም ለከብትም ቆላ ይወርዱ ነበር፤ ግን የሚችል ሰው እዚያ አያድርም። ሳይመሽ ዳገቱን ይጀምራል። በሽታውን የሚያመጣው የቆላው አየር ነው ይሉ ነበር። ጣሊያኖቹም «ማላሪያ» ሲሉ ክፉ አየር ማለታቸው ነው፤ እነሱም ከኛ የተሻለ አያውቁም ነበር። የሚገርመው ግን ምክንያቱን ስተው መፍትሔውን ማግኘታቸው ነው። ትንኟ የምትነድፈው በሌሊት ስለሆነ፣ ሳይመሽ መውጣት እውነተኛ መከላከያ ነበር።

መከላከያው የሚሠራው ግን ወባው ቆላ እስከቆየ ድረስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958፣ በእኛ በ1950 ማብቂያና በ1951 መጀመሪያ፣ ወባው ዳገቱን ወጣ። ያልተለመደ ዝናብና ሙቀት በተከታተለበት በዚያ ዓመት ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖረው የኢትዮጵያ ደገኛ በወረርሽኝ ተመታ። በጊዜው ጉዳዩን ያጠኑት ባለሙያዎች ግምት ከ3 ሚሊዮን በላይ ሰው ታሞ 150,000 ያህሉ ሞቷል። ሰቆጣ ከተማ ከዚያ የከፍታ ጣሪያ ብዙም አትርቅም። ወባን በልጅነቱ ለምዶት የማያውቅ ገበሬ፣ ሰብሉ በደረሰበት ወር ከነቤተሰቡ ወደቀ። በማግሥቱ ዓመት የወባ ማጥፊያ አገልግሎት ተቋቋመ፤ ሽማግሌዎች እስካሁን የሚያነሱት የዲዲቲ ረጪ፣ መርጫውን አዝሎ ከቤት ቤት የሚዞረው ሰው፣ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ጥቁሩ ነገር ልመልሳችሁ።

በ1717 የሮማው ሐኪም ላንቺሲ በንዳድ የሞቱ ሰዎችን አስከሬን ሲመረምር አንጎላቸውና ጣፊያቸው ጠቁሮ አገኘው፤ ጻፈው፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቀም። በ1847 ጀርመናዊው መክል ያንኑ ጥቁር ቅንጣት በደም ውስጥ አየው፤ እሱም ከሕመምተኛው ሰውነት የመነጨ መሰለው። በ1880 አልጄሪያ ውስጥ ቆስጠንጢኒያ ከተማ የነበረ ላቭራን የሚባል ፈረንሳዊ የጦር ሐኪም፣ ጥቁሯን ቅንጣት በማይክሮስኮፕ ሲከታተል ቅንጣቷን የያዘው አካል ሲንቀሳቀስ አየ። ሕይወት አለው ማለት ነው! የወባ ተውሳክ የተገኘው እንዲህ ነው። በ1897 ደግሞ ሕንድ የነበረው ሮናልድ ሮስ የትንኝ ሆድ ሰንጥቆ ሲመለከት ያችኑ ጥቁር ነጥብ በትንኟ ጨጓራ ግድግዳ ላይ አገኛት። ትንኝና ወባ የተገናኙት በዚያች ነጥብ ነው። ሁለቱም ኖቤል ተሸልመዋል፤ ሮስ በ1902፣ ላቭራን በ1907። ሁለቱንም በእጃቸው ይዛ የመራቻቸው ግን አንዲት ጥቁር ቅንጣት ናት።

ይህች ቅንጣት የተውሳኩ እበት ናት ብል አታምጡብኝ፤ ከዚህ የቀረበ ስም የላትም። ተውሳኩ ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ይገባና ሄሞግሎቢኑን ይበላል። አንድ ቀይ ሕዋስ ከ250 ሚሊዮን በላይ የሄሞግሎቢን ሞለኪውሎች አሉት፤ እያንዳንዱም አራት የብረት አቶሞች ተሸክሟል። ተውሳኩ ፕሮቲኑን ሲፈልግ ብረቱን የያዘው ክፍል፣ ሄም የሚባለው፣ ይተርፈዋል። ሄም ብቻውን ሲቀር መርዝ ነው፤ ተውሳኩን ራሱን ይገድለዋል። የሚሸሽበት፣ የሚጥልበት ቦታ ደግሞ የለውም። ስለዚህ ሄሙን አንዱን ካንዱ እያያያዘ ወደማይሟሟ ጥቁር ክሪስታል ይለውጠዋል፤ ስሙ ሄሞዞይን ነው። ክሎሮኪን የሚባለው ስንቱን ያዳነ መራራ ክኒን የሚሠራው ይህን ሥራ በማደናቀፍ ነው። ክሪስታሉ ሳይሠራ ሲቀር ተውሳኩ በበላው ይመረዛል።

ማግኔቱ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ደም ውስጥ ብረት ካለ ማግኔት ለምን አይስበንም? ይህን ጥያቄ ልጅ ሁሉ ይጠይቃል፤ ማይክል ፋራዳይም ጠይቆታል። በ1845 የደረቀ ደም ሞክሮ ማግኔት እንደማይስበው መዘገበ፤ ትኩስ ደም መሞከር እንዳለበትም ለራሱ ማስታወሻ ያዘ። ትኩሱን በደንብ የለኩት ከ90 ዓመት በኋላ አሜሪካውያኑ ላይነስ ፖሊንግና ቻርልስ ኮርየል ናቸው። ዘመኑ 1936 ነው፤ እኛ ከዋግ በስተምሥራቅ፣ ማይጨው ላይ ሌላ ብረት እያስተናገድን ነበር። ያገኙት ውጤት ይህ ነው፦ ኦክስጅን የተሸከመ ደም በማግኔት አይሳብም፤ እንዲያውም በጥቂቱ ይገፋል። ኦክስጅኑን ያራገፈ ደም ግን ይሳባል። ብረቱ ያው ብረት ሆኖ ሳለ፣ በኤሌክትሮኖቹ አሰላለፍ ብቻ ጠባዩ ይለወጣል።

የወባው ጥቁር ክሪስታል ውስጥ ያለው ብረት ደግሞ ኦክስጅን ሊሸከም በማይችልበት መልኩ ዝጓል። ሁልጊዜ ይሳባል። ኃይሉ ደካማ ነው፤ የሬዲዮው ማግኔት ጣት ላይ ቢጠጋ ምንም አይታይም። ነገር ግን ብርቱ ማግኔት መሀል ቀጫጭን የብረት ክር የታጨቀበት ቱቦ አስቀምጣችሁ ደሙን ብታሳልፉበት፣ ጤነኛው ሕዋስ ዝም ብሎ ያልፋል፣ ጥቁሩን የያዘው ክሩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ያው የአሸዋው ጨዋታ ነው። በ1946 ሃይደልበርገርና ባልደረቦቹ የወባ ክትባት ፍለጋ ላይ ሳሉ በወባ የተያዙ ሕዋሳትን በማግኔት ለዩ። በ1981 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ዘዴው ተሻሽሎ ወጣ። ዛሬ የወባ ተመራማሪዎች ተውሳኩን ከደም የሚለዩበት የተለመደ የላቦራቶሪ መንገድ ሆኗል።

ሰው «ማግኔትና ሕክምና» ሲባል ኤምአርአይን ነው የሚያስበው፤ አልፈርድበትም። ማግኔት ግን ወደ ሐኪም ቤት የገባው በትንሹ ነው። በ1879 የበርሊኑ የዓይን ሐኪም ሂርሽበርግ በኤሌክትሪክ ማግኔት ዓይን ውስጥ የገባ የብረት ስባሪ ያወጣ ነበር። በኮሮና ጊዜ ከአፍንጫችን የተወሰደውን ናሙና ያጣሩ ብዙ መሣሪያዎች የቫይረሱን የዘር ቁስ የሚለቅሙት ማግኔት በሚስባቸው ደቃቃ ዶቃዎች ነው። ትልቁ ማሽን የመጣው ዘግይቶ ነው፤ በ1977 ሬይመንድ ዳማዲያን ኒው ዮርክ ላይ የመጀመሪያውን ሙሉ የሰው ደረት ምስል ለማንሳት አምስት ሰዓት ገደማ ፈጅቶበታል። ያኛው በዋናነት የሚያዳምጠው በሰውነታችን ውኃ ውስጥ ያለውን ሃይድሮጅን ነው፤ ብረት አይፈልግም።

እኔ ግን ለዋግ ቆላ የሚያሳስበኝ ትንሹ ማግኔት ነው። ምክንያቱ ይኸውላችሁ።

ጤና ኬላ ሄዳችሁ ትኩሳት አለኝ ስትሉ ጣታችሁ ተወግቶ አንዲት ጠብታ ደም በትንሽዬ ፕላስቲክ ላይ ትደረጋለች። ሩብ ሰዓት ያህል ይጠበቃል። ሁለት መስመር ከወጣ ወባ ነው፤ አንድ መስመር ከሆነ «ነጻ ነህ» ትባላላችሁ። ማይክሮስኮፕም መብራትም በሌለበት ቀበሌ፣ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የምትተማመነው በዚህች ፕላስቲክ ነው። ለብዙ ዓመታት የተሠራጨው ዓይነት፣ አደገኛው የፋልሲፓረም ተውሳክ ወደ ደም የሚለቀውን ኤችአርፒ-2 የሚባል ፕሮቲን ነው የሚፈልገው። ፕሮቲኑ ካለ መስመር አለ።

ተውሳኩ ይህን ፕሮቲን የሚሠራበትን የዘር መመሪያ ጣለው። በ2010 ፔሩ ላይ ታወቀ፤ በ2016 ኤርትራ በብዛት ስላገኘችው መመርመሪያዋን ቀየረች። በእኛ ሀገር የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ከኤርትራ፣ ከሱዳንና ከደቡብ ሱዳን ጋር በምንዋሰንባቸው የትግራይ፣ የአማራና የጋምቤላ ወረዳዎች 12,572 ሰዎችን መርምረው በ2021 ኔቸር ማይክሮባዮሎጂ ላይ አወጡት። በግምታቸው መመርመሪያው 9.7 በመቶ የሚሆነውን የፋልሲፓረም ወባ በዚህ ምክንያት ብቻ ይስተዋል። ከአሥር ሕመምተኛ አንዱ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመርመሪያ ቀይሩ የሚለው ከ5 በመቶ ሲያልፍ ነው።

ከጥናቱ ይበልጥ ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ተውሳኩን እንዲህ ያደረግነው እኛ ሳንሆን አንቀርም፤ ተመራማሪዎቹም ወደዚያው ያመለክታሉ። መመርመሪያው ያየውን እናክማለን፣ እንገድላለን፤ ያላየውን ሸኝተን ቤቱ እንሰደዋለን፤ ትንኟ ከዚያ ሰው ትመጣለች። እያንዳንዱ «ነጻ ነህ» የማይታየውን ዘር የሚያበዛ ምርጫ ነበር። ማግኔቱ ከአሸዋ ጥቁሩን መርጦ እንደሚያወጣው፣ እኛም የሚታየውን ለቅመን የማይታየውን አተረፍነው።

ጥናቱ የተሠራው በድንበር ወረዳዎች ነው፤ ዋግ ድንበር አይደለችም ትሉኝ ይሆናል። በነሐሴና በመስከረም ሰቆጣ መናኸሪያ ቁሙና ተመልከቱ። ወጣቱ ፌስታሉን አንጠልጥሎ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ይወርዳል። እዚያ በሜዳ ያድራል። በኅዳር ገንዘቡን ይዞ ይመለሳል፤ የያዘውን ሁሉ ይዞ ይመለሳል። በታችኛው በኩል ደግሞ በ2009 የተጠናቀቀው 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ ውኃውን ወደ ዋግ ቆላ አስተኝቶታል፤ ልጆቻችን ዓሣ እያሰገሩ ዳርቻው ላይ ያድራሉ። እንጀራ ነው፤ ተዉት አልልም። ነገር ግን በ1999 ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ የወጣ የትግራይ ጥናት፣ በትንንሽ ግድቦች አቅራቢያ የሚኖሩ ሕፃናት ከግድብ ርቀው ከሚኖሩት ሰባት እጥፍ ያህል በወባ እንደሚያዙ አሳይቷል። ከጥናቱ መሪዎች አንዱ ኋላ የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር የሆኑት ቴድሮስ አድኃኖም ናቸው። አባቶቻችን «ቆላ አትደር» ያሉት ምክር ዛሬ የሚሠራለት ሰው የለም፤ ሥራው ያለው ቆላ ማደር ላይ ነው።

ውጤቱን በ2024 አየነው። ከጥር እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመምተኛና 1,157 ሞት በኢትዮጵያ ተመዝግቧል። ጭማሪው ሁሉ በመመርመሪያው ጥፋት የመጣ አይደለም። ጦርነቱ አለ፣ የአጎበርና የርጭት መስተጓጎል አለ፣ የአየር ንብረቱ አለ፣ ቀን የምትነድፍ አዲስ ባይሆን እንኳ ከተማ የምትወድ ሌላ ትንኝም መጥታለች። ግን ትኩሳት ያለበትን ሰው መርምሮ የሚስት መሣሪያ ይህን ሁሉ ያባብሳል።

እንግዲህ ወደ ጥቁሯ ቅንጣት። ተውሳኩ ኤችአርፒ-2ን መጣል ችሏል፤ ያለሱም ይኖራልና። ሄሞዞይንን ግን መጣል አይችልም። ሄሞግሎቢን እስከበላ ድረስ ሄም ይተርፈዋል፤ ሄሙን ክሪስታል ካላደረገው ይሞታል። መደበቅ የማይችለው አሻራ ይህ ነው፤ ማግኔት የሚስበውም ይህንኑ ነው። አሜሪካ ውስጥ በኬዝ ዌስተርን ሪዘርቭ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ሥራ ጋዜል ወደሚባል በባትሪ የሚሠራ ትንሽ መሣሪያ አድጓል። ጠብታ ደም ይፈርጣል፤ በማግኔት መሀል ይቀመጣል፤ ክሪስታሎቹ ካሉ ማግኔቱ ተከትለው ይሰለፋሉ፤ ሲሰለፉ የሚያልፈው ብርሃን ይለወጣል። መሣሪያው የብርሃኑን ለውጥ አይቶ በደቂቃዎች ውስጥ ይናገራል። በሕንድና በብራዚል በመስክ ተሞክሯል። ወረቀት ላይ ያሰለፍናቸው ወታደሮች ትዝ አሏችሁ?

አሁን የሚያሞግስ ብቻ እንዳልሆን ጉድለቱን ልንገራችሁ። ተውሳኩ ገና ሕፃን ሳለ፣ ቀለበት በሚመስልበት ዕድሜው፣ የበላው ትንሽ ስለሆነ ክሪስታሉም እምብዛም ነው። ፋልሲፓረም ደግሞ ተንኮለኛ ነው፤ ሲያድግ በጣት ደም ውስጥ አይዞርም፣ በውስጥ አካላት የደም ሥር ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ጣት ስትወጋ የሚገኘው ባመዛኙ ሕፃኑ ነው። ስለዚህ የማግኔት ምርመራ እስካሁን ይበልጥ የቀናው በቫይቫክስ ወባ ላይ ነው፤ የእሱ ጎልማሳ ተውሳክ ደም ውስጥ ይዞራልና። ከዚህም ሌላ፣ ክሪስታሉ ሰውየው ከዳነ በኋላ ለጊዜው ደም ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ሌላ ፕሮቲን፣ ኤልዲኤች የሚባለውን፣ የሚፈልጉ ፕላስቲኮችም አሉ። ተውሳኩ ያንን በቀላሉ መጣል አይችልም፤ ለጊዜው መሸጋገሪያችንም እነሱ ናቸው። ደካማ ኢንፌክሽን ላይ ግን ከቀድሞው ያነሰ ዓይን አላቸው።

ታዲያ ለምን ስለ ማግኔት አነሳሁ? ተውሳኩ በየዘመኑ አንድ ነገር ሲነጥቀን ስላየሁ ነው። በ1998 ለፋልሲፓረም ክሎሮኪንን ትተን ፋንሲዳር ያዝን፤ በ2004 ፋንሲዳርን ትተን ኮአርተም ያዝን፤ አሁን ደግሞ መመርመሪያውን ነጠቀን። በአንድ መሣሪያ ብቻ መተማመን ምን እንዳስከፈለን ካየን፣ በሌላ መርሕ የሚሠራ ሁለተኛ ዓይን መሞከር ቅንጦት አይደለም። መሞከሪያው ቦታ ደግሞ ብራዚል ብቻ መሆን የለበትም። ዘሩን የጣለው ተውሳክ ያለው እዚህ ነው፤ ቫይቫክስና ፋልሲፓረም ጎን ለጎን የሚገኙት እዚህ ነው፤ ትምህርት ቤት ገብተው ፊዚክስ የተማሩ ልጆችም አሉን።

«ለእናንተ ለገጠሮቹ ትንሿ ትበቃችኋለች» የሚል ሰው ከመጣ ግን አልስማማም። ጭንቅላቱ ውስጥ ውኃ የሞላ ሕፃን ይዛ ከሰቆጣ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ የምትጓዝ እናት ትልቁ ማግኔት ያስፈልጋታል። ችግሩ የተለመደው 1.5 ቴስላ ማሽን ከምድር ማግኔት 30,000 ጊዜ ያህል የበረታ፣ ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ በቀዘቀዘ ሂሊየም የሚኖር፣ መብራት ሲጠፋበት የሚታመም ፍጡር መሆኑ ነው። እዚህም ላይ የትንሹ ማግኔት ታሪክ መልስ አለው። በ2022 ኡጋንዳ ውስጥ የምባራራ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ከኔዘርላንድ በሳጥን የመጣ ኤምአርአይ እዚያው በቀናት ውስጥ ገጣጠሙ። ሂሊየም የለውም፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ማግኔቶች ክብ ሠርተው ተደርድረውበታል። ኃይሉ የትልቁ ሠላሳኛ እጅ ገደማ ነው፤ ምስሉም ደብዘዝ ይላል። የተሠራው ግን የሕፃኑ ጭንቅላት ውስጥ ያለው ውኃ የት እንዳለ ለማየት ነው፤ ለዚያ የፎቶ ስቱዲዮ ጥራት አያስፈልግም። ምባራራም እንደ ሰቆጣ ከዋና ከተማ የራቀች ናት።

በአበርገሌ፣ በዝቋላና በሳህላ ጤና ኬላዎች የምትሠሩ፣ ወይም በኅዳር ከሰሊጥ የተመለሰ ወንድም ያላችሁ፦ ፕላስቲኩ አንድ መስመር ብቻ አሳይቶ ኋላ በማይክሮስኮፕ ወባ የተገኘበት ሰው አጋጥሟችኋል? የሰውየውን ስም ሳትጠቅሱ ወሩንና ቦታውን ብቻ ከዚህ በታች ጻፉልኝ። ከሰቆጣ እስከ ተከዜ የምታውቁትን ሰብስቤ በሚቀጥለው እመለስበታለሁ።